ኪስ ያለው ስፓይደርማን

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አቋሙን አሳወቀ። የስፓይደርማን ልብስ ከሌለ ልደት የሚባል ነገር የለም። ኬኩም ይቅር፣ ፊኛውም ይቅር። ሱቅ ሄጄ የተሰቀለውን ልብስ ዋጋ ጠየቅኩ። ልጅቷ የነገረችኝን በደንብ ያልሰማሁ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኳት። በደንብ ነበር የሰማሁት።

እናም ልጁን ይዤ ሰፈራችን ወዳሉት ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። የሰፈሩ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሚዜ ሱፍ፣ የተቀደደ ሱሪ ሁሉ በሳቸው መኪና ስር ያልፋል። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን አንዴ ራቅ አንዴ ቀረብ አድርገው አዩትና «የየትኛው ክለብ ማልያ ነው?» አሉኝ። ልጁ ያኔ እኔን ያየበት ዓይን እስካሁን አይረሳኝም።

ለማስረዳት ሞከርኩ። ሸረሪት የነከሰችው ልጅ ነው፣ ግድግዳ ይወጣል፣ ከእጁ ድር ይወረውራል ምናምን። በትዕግስት ሰሙኝ። «ሐኪም ቤት አልወሰዱትም?» አሉና ሜትራቸውን አንስተው ልኩን ወሰዱ።

በአራተኛው ቀን ልብሱ ደረሰ። ቀዩ ቀይ ነው፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ነው። ጭምብሉም ደህና ነው። ድሩ በጥቁር ክር፣ መስመር በመስመር፣ በመኪና ተሰፍቷል፤ እንዴት ያለ ሥራ መሰላችሁ። ግን አንገቱ ላይ ኮሌታ ቢጤ አለው። ደረቱ ላይ ያለችው ሸረሪት እግሯ ስድስት ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። እና ግራና ቀኝ፣ ልክ እንደ ሱሪ፣ ሁለት ኪስ።

«ጋሼ፣ ስፓይደርማን እኮ ኪስ የለውም።»

«ኪስ የሌለው ከፈን ብቻ ነው» አሉኝ። ቀና ብለውም አላዩኝም።

ልከራከር አፌን ስከፍት ልጁ ለብሶ ጨርሷል። ሁለት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መስታወቱ ፊት ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ነጋዴ። ዝም አልኩ። የሸረሪቷን እግር ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ማታ ግን አንድ ጥያቄ ሲያመላልሰኝ አመሸ። ከስፓይደርማን ላይ ምን ቢወሰድበት፣ ምንስ ቢጨመርበት ነው ስፓይደርማንነቱ የሚያበቃው? ኪስ ተጨመረ፣ ምንም አልሆነም። ሁለት እግር ተቀነሰ፣ ያው ነው። ታዲያ መቆሚያው የት ነው? ጥያቄው የሕፃን ይመስላል። ግን ይህንኑ ጥያቄ በካሜራ፣ በገንዘብ፣ አንዳንዴም በሮቦት የመለሱ ትላልቅ ሰዎች አሉ።

እኔ በጣም የምወዳቸው ጃፓኖቹን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ስምንት ቀንሱ አትበሉኝ።) የኮሚክ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) ጸሐፊው ስታን ሊና ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ ስፓይደርማንን ያወጡት በ1962 ነው። ፒተር ፓርከር የሚባል ወላጆቹን ያጣ፣ ኒውዮርክ ውስጥ አክስትና አጎቱ የሚያሳድጉት፣ ትምህርት ቤት የሚሾፍበት ልጅ። በ1978 ደግሞ ቶኤይ የተባለው የጃፓን ፊልም ኩባንያ የስፓይደርማን ባለቤት ከሆነው ከማርቭል ጋር ተዋውሎ ይህን ልጅ ለቴሌቪዥን ወሰደው። ወሰደው ስል፣ ልብሱን ወሰደ። የቀረውን እዚያው ኒውዮርክ ጥሎት ነው የሄደው።

የጃፓኑ ስፓይደርማን ታኩያ ያማሺሮ ይባላል። እንደ ፒተር ፎቶ አንሺ አይደለም፣ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነው። ሸረሪት የሚባል ነገር አልነከሰውም። ስፓይደር ከምትባል ፕላኔት ብቻውን የተረፈ ጋሪያ የሚባል ተዋጊ ነው ደሙን የሰጠው። አባቱን የገደሉበት ደግሞ ፕሮፌሰር ሞንስተር የሚባል ክፉ የሚመራቸው የብረት መስቀል ጦር ሰዎች ናቸው። ልብሱስ? ልብሱ አምባር ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ሲያስፈልግ ተስፈንጥሮ ወጥቶ ያለብሰዋል። ኪስ የለውም ብዬ የተከራከርኩት እኔ፣ እዚህ ላይ ሰውየው ሙሉ ልብሱን እንደ መሐረብ አጣጥፎ ሲዞር አየሁ።

ከዚያ ሮቦቱ አለ። ስፓይደርማን ማርቬለር የሚባል የጠፈር መርከብ አለው። መርከቡ ይገላበጥና ሊዮፓርዶን የሚባል ፎቅ የሚያክል ሮቦት ይሆናል። መጨረሻ ላይ ጭራቁ ገዝፎ ሲመጣ ስፓይደርማን ድር ሲወረውር አታዩትም፣ ሮቦቱን ይጠራል። ሮቦቱ ሰይፉን አውጥቶ አንዴ ይወረውራል። ጭራቁ ይፈነዳል። አለቀ። እንደ ቀበሌ ማህተም ነው፣ አንዴ ዷ! ጉዳዩ ተዘጋ።

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ሳየው እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ስደርስ ሳቄ ቀዘቀዘ። ልብሱን ለብሶ የሚጫወተው ሰውዬ አንድ ነገር ያውቃል። መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ዝቅ ይላል፣ አንድ እግሩን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ጣቶቹን ይከፍታል፣ አንገቱን ብቻ ቀስ አድርጎ ያዞራል። በገመድና በኮምፒውተር የሚበሩት የአሁኖቹ ሲዘሉ ጂምናስቲክ ነው የሚታየኝ። ይሄኛው ግን ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ መጥረጊያ አምጡ ያሰኛል።

ሌላም አለ። የአሜሪካው ስፓይደርማን ሲደባደብ ቀልድ ያወራል። የጃፓኑ መጀመሪያ ቆሞ ራሱን ያስተዋውቃል። እጁን እየወዘወዘ፣ እየተንበረከከ፣ እየተነሳ፣ «ከሲኦል የመጣሁ መልእክተኛ፣ ስፓይደርማን!» ይላል። ጠላቶቹ ደግሞ ጨርሶ እስኪናገር ጨዋ ሆነው ይጠብቁታል። ጃፓን ውስጥ ተዋጊ ከመግጠሙ በፊት ማንነቱን የሚያውጅበት የቆየ ልማድ አለ፣ ከዚያ የመጣ ነው። ለኛ ጆሮ ደግሞ ምን እንደሆነ ለመናገር አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ፉከራ ነው! ጎፈር ብቻ ነው የቀረው። አያቴ የአሜሪካውን ፊልም ቢያዩ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር፣ ይሄኛው ላይ ግን ዱላቸውን ይዘው እንደሚነሱ እርግጠኛ ነኝ።

ድራማው 41 ክፍል ሄዶ በ1979 አበቃ። ታሪኩ ግን በዚህ አላቆመም። የሊዮፓርዶን የብረት አሻንጉሊት በደንብ ተሸጠ። ቶኤይም ገበያው የት እንዳለ ገባውና በዚያው በ1979 ባትል ፊቨር ጄ በሚባለው የቡድን ጀግኖች ድራማው ውስጥ ግዙፍ ሮቦት አስገባ። ከዚያ በኋላ ያለ ሮቦት የቡድን ድራማ መሥራት ቀረ ማለት ይቻላል። በ1993 አሜሪካኖቹ የነዚህኑ ድራማዎች የውጊያ ምስል ወስደው፣ የራሳቸውን ወጣቶች ጨምረው ፓወር ሬንጀርስን ሠሩ። እኔ ደግሞ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ለአራት በተሠራ አግዳሚ ላይ ለሰባት ተቀምጠን፣ ፓወር ሬንጀርስን አየሁ። ሮቦታቸው ሲወድቅ የምናለቅስ ነበርን። ከኋላ ያለው ትልቁ ልጅ «ምን ያስለቅሳችኋል፣ አክተር አይሞትም!» ይለናል። ያ ሮቦት የአንድ «የተበላሸ» ስፓይደርማን የልጅ ልጅ መሆኑን ማን ነግሮን!

«የተበላሸ» ያልኩት በነገር ነው። አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር «ዋናውን አበላሹት» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔም ራሴ ኪሱ ላይ ብዬዋለሁ። ግን ዋናው የቱ ነው? ሱፐርማንን ውሰዱት። የክሊቭላንዶቹ ልጆች ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1933 ሱፐርማን የሚል ስም መጀመሪያ የሰጡት ለአንድ ራሰ በራ ክፉ ሰው ነበር። በ1938 ቀይ ካባ ያለው ሱፐርማን ሲወጣ ደግሞ መብረር አይችልም ነበር። ይዘላል። ፎቅ ይዘላል፣ ግን ያው ዝላይ ነው፤ እንደ ፌንጣ። በ1941 የካርቱን ፊልም ሲሠሩለት ዘሎ ማረፉ፣ እንደገና ዘሎ ማረፉ ስላላማራቸው አበረሩት። ክሪፕቶናይት የሚባለው ድንጋይም ከሬዲዮ ድራማው ነው የመጣው። ሀልክ የሚባለው ግዙፉ የኮሚክ ጀግና በ1962 ሲወጣ ግራጫ ነበር። ማተሚያው ግራጫውን እየለዋወጠ ስላስቸገረ ከሁለተኛው ቅጽ ጀምሮ አረንጓዴ ሆነ። ዛሬ አንድ ሰው ግራጫ ሀልክ ቢስል «አበላሸው» የሚሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው።

የ1966ቱን የቴሌቪዥን ባትማን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። አዳም ዌስት የሚጫወተው፣ በጡጫ መሃል ስክሪኑ ላይ በትልልቁ «ፓው!» የሚል ጽሑፍ የሚመጣው። ከዚሁ ጋር የወጣ ፊልም ላይ ባትማን ክብ ቦምብ ተሸክሞ ወደብ ላይ ይሮጣል። መጣል ነው የፈለገው። እዚህ ሲዞር መነኮሳት፣ እዚያ ሲዞር ልጅ በጋሪ የምትገፋ እናት፣ ባሕሩ ላይ ሊጥለው ሲል ዳክዬ ከነጫጩቶቿ። ፊውዙ እየነደደ ነው። ለዳክዬ ብሎ ቦምብ ታቅፎ የሚሮጥ ጀግና! ዛሬ በዝናብና በጨለማ የሚሠሩት ኮስታራ ባትማኖች ስንት ፎቅ ሲያፈርሱ ዳክዬ አይታያቸውም። እኔ የቱን እንደምመርጥ ግልጽ ይመስለኛል።

እንዲህ ስል ግን የፈለገውን ያህል ቢለወጥ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ቱርክ ውስጥ በ1973 ያለ ማንም ፈቃድ የተሠራ አንድ ፊልም አለ። ካፒቴን አሜሪካና የሜክሲኮው ጭምብል ለባሽ ታጋይ ሳንቶ ኢስታንቡል ድረስ የሚመጡት አንድ የወንበዴ አለቃ ለመያዝ ነው። አለቃው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ስፓይደርማን! አረንጓዴና ቀይ ለብሶ፣ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትም፣ ሰው በጭካኔ የሚገድል። ሐሳቡን በወሬ ስሰማው ፈነደቅኩ። ፊልሙን ሳየው ግን ሃያ ደቂቃ አልቆየሁም። ድር የለም፣ ግድግዳ መውጣት የለም፣ ቀልድ የለም። የስፓይደርማን ፒጃማ የለበሰ ሽፍታ ነው። ጃፓኖቹ ሁሉን ነገር ቀይረው ልጅ ከጎኑ የሚሰለፍለት ሰው አስቀሩ፤ እዚህ ግን ልጅ የሚሸሸው ሰው ነው የቀረው። የወደዱት አሉ፣ አውቃለሁ። አልጣላቸውም።

ወደ ሕንድ ስንመጣ ሁለት ነገር አለ፣ አንዱ በገንዘብ የተሠራ፣ ሌላው በእጦት።

በገንዘብ የተሠራው በ2004 የወጣው የሕንድ ስፓይደርማን ኮሚክ ነው። ፒተር ፓርከር ፓቪትር ፕራባከር ሆነ። ፍቅረኛው ሜሪ ጄን ሚራ ጄን ሆነች። አጎት ቤን ቢም፣ አክስት ሜይ ደግሞ ማያ። ልጁ ከገጠር ወደ ሙምባይ ለትምህርት የመጣ ነው። ኃይሉን የሰጡት አንድ ዮጊ (የሕንድ ባሕታዊ) ናቸው፣ ከወገቡ በታች የለበሰው ዶቲ ነው፣ ያ የሕንዶች ሽርጥ። በ2023 የካርቱን ፊልም ላይ ይኸው ፓቪትር መጥቶ፣ ሰው «ቻይ ቲ» ሲል ተቆጣ። «ሻይ ሻይ» ማለት እኮ ነው! ሲኒማው ውስጥ ከሌላው ሁሉ ቀድመን የሳቅነው የሐበሻ ልጆች ሳንሆን አንቀርም።

በእጦት የተሠራው ግን ሌላ ነው። ማሌጋዎን የምትባል ከተማ አለች፣ ማሃራሽትራ ግዛት ውስጥ፣ ሰዉ በሽመና ማሽን የሚኖርባት። ናሲር ሼክ የሚባል ቪዲዮ ቤት የነበረው ሰው የቦሊውድ ፊልሞችን በሰፈሩ ሰዎች እያስመሰለ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሱፐርማን ልሥራ አለ። ፋይዛ አህመድ ካን የምትባል ዳይሬክተር ይህን ሥራ ስትከታተል ቀርጻ በ2008 ዘጋቢ ፊልም አወጣች። እዚያ ውስጥ ነው ያገኘሁት።

የማሌጋዎን ሱፐርማን የሽመና ማሽን ሠራተኛ ነው። ክንዱ የኔን አውራ ጣት ያክላል ብል ብዙ አልዋሸሁም። ልብሱ ሰማያዊ፣ ካባው ቀይ፣ ከላይ ያጠለቀው ቁምጣ ደግሞ ማሰሪያው ፊት ለፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ገመዱን ወደ ውስጥ መክተት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፣ አልከተቱትም። ጠላቱ ቆሻሻ የሚወድ ሰው ነው፣ ጀግናውን ደግሞ የከተማው አቧራ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ለማብረር አረንጓዴ ጨርቅ ይዘረጋሉ፣ ሰውየውን ያጋድሙታል፣ እጁን ወደፊት ይዘረጋል። ፊቱን ግን እዩት። አይቀልድም። ከተማዋ ስትስቅ እሱ የምሩን ነው የሚበረው። በኋላ በካንሰር ሞተ። ያንን ሳውቅ ዘጋቢ ፊልሙን እንደገና አየሁት፣ የገመዷም ነገር ብዙም አላሳቀኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ከእህቴ ጋር እራት ላይ ጨዋታ የጀመርነው። እስቲ ወደ አማርኛ እንመልሰው። ፒተር ፓርከር፣ ጴጥሮስ በረከት። ሜሪ ጄን፣ ሜሮን ጀማነህ። (በዚህኛው በጣም ነው የኮራሁት።) አጎት ቤን፣ ጋሽ በንቲ። አክስት ሜይ፣ እትዬ ማሚቴ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ጴጥሮስ ማታ በመስኮት ገብቶ ጭምብሉን ሳያወልቅ እትዬ ማሚቴ በመጥረጊያ ይሉታል፣ ምክንያቱም ለበዓል ጣራው ላይ ያለውን የሸረሪት ድር ሁሉ ገና ጠርገው መጨረሳቸው ነው። ጎረቤት ደግሞ «ግድግዳው ትናንት ነው የተቀባው፣ ውረድ!» ይላል። ጋሽ በንቲ ሊሞቱ ሲሉ የሚናገሩትን ለማግኘት አልተቸገርንም። «ልጄ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።» እህቴ ጉርሻዋን ይዛ አሰብ አደረገችና «ታዲያ ለምን ብቻውን ይሠራል? ዕቁብ ይግባ እንጂ» አለች። ጨዋታው እዚህ ላይ ፈረሰ፣ ስቀን መብላት አልቻልንም።

የቀልዱን ትተን በቁም ነገር የሠሩም አሉ። ኤታን ኮሚክስ በ2018 ጀምበር የሚባለውን የራሳችንን ጀግና በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቷል፣ ቀጥሎ ሀዊ የምትባል ጀግና መጥታለች። ያ ግን ማስመሰል ሳይሆን ከዜሮ መፍጠር ነው፣ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ስታን ሊ ስለ ስፓይደርማን ልብስ በተደጋጋሚ ያነሳው ነገር ነበር። ልብሱ ከራስ እስከ እግር የተሸፈነ ነው። ባትማን አገጩ ይታያል፣ ሱፐርማን ፊቱ በሙሉ ይታያል። የስፓይደርማን ግን አንድም የቆዳ ቦታ አይታይም፣ ስለዚህ የየትኛውም አገር ልጅ ውስጡ ያለሁት እኔ ነኝ ማለት ይችላል። በ2011 የጥቁር አባትና የፖርቶሪኮ እናት ልጅ የሆነው ማይልስ ሞራሌስ ልብሱን ሲለብስ ስንት ሰው ተንጫጫ። ልብሱ ግን ከተሰፋ ጀምሮ ባዶ ቦታ ነበረው።

ለማንኛውም፣ በልደቱ ዋዜማ የሸረሪቷ ነገር አላስቻለኝም። ልጁን ከነልብሱ ይዤ ልብስ ሰፊው ዘንድ ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ሸረሪት እኮ ስምንት እግር ነው ያላት።»

በኪሱ ያልደነገጡት ሰውዬ በዚህኛው ደነገጡ። «ስምንት?» ጎንበስ ብለው የልጁን ደረት በጣታቸው ቆጠሩ። «ጉንዳን ነው ለካ የሠራሁት! በል ማሙሽ አውልቅ፣ አሁኑኑ እጨምርልሃለሁ።» ጥቁሩን ክር አንስተው በመርፌው ቀዳዳ መሞከር ጀመሩ።

ልጁ አላወልቅም አለ። እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። ደረቱን በአገጩ እያመለከተ «ስድስቱ የሷ ነው» አለ። ከዚያ አንድ እግሩን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ሌላውን አነሳ። «ሁለቱ የኔ።»

ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ከላይ እስከ ታች አዩት። ክሩን መልሰው ጠቀለሉት።

«ሒሳቡ ልክ ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ግን የኪሱን አልከፈልከኝም።»